ብረት ያዘለ ሸክላ ሲሞቅ የሚያልፍበትን ለውጥ በስፔክትሮስኮፒ መከታተል

ለዚህ ሥራ ኖንትሮናይት የሚባለው የስሜክታይት (ውሃ የሚጠጣ ንብርብራማ የሸክላ ማዕድን) ዓይነት ተመራጭ ነው። ብረቱ በአብዛኛው ፌሪክ (ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ) ሲሆን የተቀመጠውም በማዕድኑ ንብርብር ውስጥ ነው። በተፈጥሮ ናሙና ላይ ግን ጎታይት የተባለው ዝገትም ተለጥፎ ይገኛል። ሁለቱ ካልተለዩ ከምድጃ የሚወጣው ቀለም የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ልፋቱ የሚጀምረው ከማጥራቱ ነው።

ናሙናውን በተጣራ ውሃ በጥብጠው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይነቃነቅ 8 ሰዓት ያህል ያስቀምጡ። ከዚያ የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር ብቻ በቱቦ ይሳቡ፤ ከ2 ማይክሮሜትር የሚበልጠው ቅንጣት እስከዚያ ወርዷል። እንደ ዋልካ ያለ ጥቁር አፈር ከሆነ ብስባሹን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያስወግዱ። የቀረ ካርቦን ምድጃ ውስጥ ኦክስጅኑን ይሻማና ፌሪኩን ወደ ፌረስ (ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ወዳጣ ብረት) ይለውጠዋል። ዝገት ለማንሳት የተለመደው ዳይታዮናይት የተባለው ኬሚካልም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የንብርብሩን ብረት ሳይቀር ወደ ፌረስ ሊቀይር ይችላል።

ለእያንዳንዱ ሙቀት ለየብቻ 1 ግራም ይመዝኑ። አንዱን ናሙና እየደጋገሙ ማሞቅ ጊዜ ይቆጥባል፣ ነገር ግን በመጨረሻ የሚለካው ያለፉት ሙቀቶች ሁሉ ድምር ይሆናል። ዱቄቱን አየር እንዲያገኘው በፖርሴሊን ክሩሲብል ላይ ስስ አድርገው ያንጥፉ። ሙቀቱን በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመሩ 110፣ 200 እና 300 ላይ 2 ሰዓት ያቆዩ። ከ350 እስከ 550 በየ25 ዲግሪው ይሂዱ፤ ትልቁ ለውጥ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ 700 እና 900 ይበቃል።

የጋለው ናሙና ክፍት አየር ላይ አይቀዝቀዝ። ሲሊካ ጄል ባለበት ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ያስገቡት፣ እንደበረደ ይመዝኑት፣ ወዲያው ይለኩት። ስሜክታይት ከደረቀ በኋላም የክፍሉን እርጥበት መልሶ ይጠጣል፤ 1.91 ማይክሮሜትር ላይ ያለው የውሃ ምልክትም ይመለሳል። ይህን አይቶ «አልደረቀም» ማለት በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው።

የነጸብራቅ ስፔክትረሙን (በየሞገድ ርዝመቱ የሚንጸባረቀውን የብርሃን መጠን) ከ0.4 እስከ 2.5 ማይክሮሜትር ይውሰዱ። ዋናው ምልክት 2.29 ላይ ያለው ነው፤ ሁለት ብረቶች የሚጋሩት ሃይድሮክሲል (የተጣመሩ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) የሚታወቀው በእሱ ነው። ከ400 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይከስማል፣ ክብደቱም አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱ ካልተስማሙ የምድጃውን ቴርሞሜትር ይፈትሹ። በኢንፍራሬድ ከሠሩ 1 ሚሊግራም ናሙና በ200 ሚሊግራም ፖታሲየም ብሮማይድ ይደባልቁ። ጨው ውሃ ስለሚስብ በ3400 ሞገድ በሴንቲሜትር አካባቢ የሚታየው ያሳስታል፤ 817 አካባቢ ያለውን ይከተሉ።

ማርስ ላይ ማውርዝ ቫሊስ የሚገኘው ኖንትሮናይት ከሳተላይት የታወቀው በዚሁ በ2.29 ምልክት ነው። በግጭት ወይም በላቫ የጋለ ሸክላ ምልክቱን አጥቶ ከዕይታ ሊሰወር ይችላል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ማሞቅ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ናሙናው ገና ከ250 እስከ 350 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከቀላ ወደ ሄማታይት (ቀይ የብረት ኦክሳይድ) የተለወጠው ጎታይቱ ነው፤ ማጥራቱ አልተሳካም ማለት ነው። የኖንትሮናይቱ የራሱ ሄማታይት የሚመጣው ንብርብሩ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ሞስባወር (ብረትን በጋማ ጨረር የሚመረምር መሣሪያ፤ የመስመሮቹን ርቀት በፍጥነት አሃድ ይለካል) ካለ የብረቱን ሁኔታ በቀጥታ ያሳያል። ሃይድሮክሲሉ ሲወጣ የፌሪኩ ሁለት መስመሮች ይራራቃሉ፣ ርቀታቸውም በሰከንድ ከ1 ሚሊሜትር ያልፋል። ሄማታይት ደግሞ 51.7 ቴስላ ገደማ በሆነ የውስጥ ማግኔታዊ መስኩ የተነሳ ስድስት መስመር ይሰጣል። ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ከሆነ ግን በክፍል ሙቀት ሁለት መስመር ብቻ ይታያል። እንደዚያ ሲሆን በፈሳሽ ናይትሮጅን እስከ 77 ኬልቪን፣ ካልበቃም በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 4.2 ኬልቪን አቀዝቅዘው እንደገና ይለኩ።