የችግኝ ማዳበሪያ ፍሳሽን በሴንሰር ስትከታተሉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳርና መራዊ አካባቢ አቮካዶና ማንጎ በፕላስቲክ የምታፈሉ፣ ከመደቡ ሥር ኢሲ ሴንሰር ከመትከላችሁ በፊት አንድ ነገር ይግባችሁ፤ ኢሲ ማዳበሪያ አይለካም። የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ዩሪያ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቢሟሟም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጠዋት በጥብጣችሁ ያጠጣችሁት ዩሪያ ከሰዓት ከላስቲኩ ሥር ቢንጠፈጠፍ፣ ሴንሰሩ ባዶ ውሃ መስሎት ያሳልፈዋል። አሞኒየም እስኪሆን ቀናት ይወስዳል፣ ያኔ ከፊሉ ቦዩ ውስጥ ነው። ከዚያ «ቁጥሩ ዝቅ ብሏል» ተብሎ ዩሪያ ይደገማል! ሥሩ ይቃጠላል፣ ትርፉ ወደ ጣና ወርዶ እምቦጭ ይቀልባል። ዩሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ናሙና በበረዶ ሣጥን ይዛችሁ ላቦራቶሪ ጠቅላላ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አስለኩ፤ ናይትሬት ብቻ ማስለካት አይበቃም፣ ያልተለወጠውን ዩሪያ አያሳይም።

የፍሳሹን መጠን ሳይለኩ ኢሲ ብቻ ማንበብም ያው ነው። ክረምት ሲገባ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሰው ደስ ይለዋል። 200 ሊትር ፍሳሽ በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሮጅን ቢይዝ 10 ግራም ሄደ ማለት ነው፤ 1,000 ሊትር በሊትር 20 ሚሊግራም ቢይዝ ግን 20 ግራም። ውሃው ቀጠነ እንጂ ብክነቱ እጥፍ ሆኗል።

እየሞላ የሚገለበጠውን የፍሰት ቆጣሪ አሸዋና ፍግ ይደፍነዋል። ከላዩ ወንፊት አድርጉ፣ በየሳምንቱ 1 ሊትር ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ቆጠራውን አመሳክሩ። ቶሎ ከደፋችሁት አሳንሶ ይቆጥራል።

ሴንሰሩን ደረቅ ቱቦ ውስጥ አትሰኩ። ቱቦውን ከእጅ መታጠቢያ ሥር እንዳለው ቱቦ አጥፉት፣ የሴንሰሩ ጫፍ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይሁን። የተጠራቀመው ግን የትናንት ውሃ ስለሆነ ንባቡን ፍሰት ሲኖር ብቻ ውሰዱ።

ሙቀት የማያስተካክል ሴንሰር አትግዙ፤ በ1 ዲግሪ ወደ 2 በመቶ ይዛነፋል። ጥቁር ቱቦ ፀሐይ ላይ ውሎ የጠዋቱንና የቀትሩን ብታወዳድሩ ያው ውሃ ሌላ ይመስላችኋል። ኢሲው 1,413 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር እንደሆነ በሚታወቅ መፈተሻ መፍትሔ በየወሩ ፈትሹት።

የምታጠጡበትን የጉድጓድ ውሃ ኢሲም ለክታችሁ ከፍሳሹ ንባብ ላይ ቀንሱ። መረጃው ሚሞሪ ካርድ ላይም ይቀመጥ፣ ኔትወርክ ይጠፋል።

ከሰጣችሁት 10 ሊትር ከ2 ሊትር በላይ ከሥር ከወጣ ደግሞ ማዳበሪያውን ለመቀነስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ውሃውን ቀንሱ፤ በአንዴ የምታጠጡትን ለሁለትና ለሦስት ዙር ከፋፍሉት።