ከውጭ ዝናብ፣ ከውስጥ ላብ፦ ለእርሻ ሥራ የዝናብ ልብስ አመራረጥ

የመጀመሪያዬን የዝናብ ልብስ የገዛሁት በቀለሙ ነው። አረንጓዴ ነበር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ኮፍያው ሰፊ። ሻጩም "ይሄ ዕድሜ ልክህን ያገለግልሃል" አለኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ለብሼው ድንች ልኮተኩት ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ልብሱ አስገብቶ መስሎኝ ሻጩን ስረግም ቆየሁና አውልቄ ገልብጬ ሳየው አንድም ቦታ አልተቀደደም፣ ስፌቱም ደህና ነው። ያራሰኝ የራሴ ላብ ነበር። ውሃ የማያስገባ ላስቲክ ውሃ አያስወጣማ!

ያለሁት ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው፣ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ። ጥቂት የወተት ላሞች አሉኝ፣ ድንችና ገብስም እሞክራለሁ። ሐምሌና ነሐሴን እዚህ ያሳለፈ ሰው፣ ከዝናቡ ይልቅ ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚነሳው ንፋስ እንደሚያንቀጠቅጥ ያውቃል። ጠዋት የረጠበ ሰው ማታ እሳት ዳር እስኪደርስ አይሞቀውም። ከዚያች አረንጓዴ ልብስ በኋላ ብዙ ገዝቼ ብዙ ጥያለሁ፣ እና ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ልብሱን በዝናቡ ሳይሆን በሥራችሁ ምረጡት።

እስቲ እንየው። ከብት የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይንቀሳቀስም። ጠላቱ ላብ ሳይሆን ብርድ ነው። ለእሱ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰፊ ካፖርት፣ ከውስጡ ደግሞ ወፍራም ሹራብ ይበቃዋል። ካፖርቱ ቢከብድም ግድ የለም፣ ቆሞ ነው የሚውለው። የሚኮተኩት፣ የሚያርም ወይም ቦይ የሚቆፍር ሰው ግን ሌላ ነው። እሱ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ያን ረጅም ካፖርት ብታለብሱት አንድም በላብ ይርሳል፣ አንድም ጫፉን ረግጦ ይወድቃል። ለእሱ ከዳሌ ትንሽ የሚያልፍ አጭር ጃኬት፣ ብብቱ ሥር ወይም ጀርባው ላይ አየር ማስወጫ ያለው፣ ከሱሪ ጋር ነው የሚሻለው። በረት የሚያጥብና የሚያልብ ሰው ደግሞ ውሃው የሚመጣበት ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፣ ከጎማው፣ ከሽንቱ፣ ከእበቱ። ጣሪያ ሥር ላለ ሰው ካፖርት ምን ያደርግለታል? እስከ ቦቱ የሚወርድ የላስቲክ ሽርጥ ይግዛ።

ይሄ ነገር ለአባቶቻችን ቀድሞ ገብቷቸዋል። ከሣር የተሠራ ገሳ ለብሶ ዝናብ ውስጥ የቆመ እረኛ ካያችሁ፣ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ውሃው ሣሩን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር ደግሞ ክፍት ስለሆነ ሰውነቱ ይተነፍሳል። ስትጎነበሱበት ግን አይመችም፤ ለእረኛ እንጂ ለአራሚ አልተሠራም። በርኖስም እንዲሁ ነው። ሱፍ ስለሆነ ቢረጥብ እንኳ ሙቀት አይለቅም። ጋቢ ግን ጥጥ ነው፤ ውሃውን ይጠጣና ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ እንደ በረዶ ሰውነት ላይ ይለጠፋል። ጋቢን የምጠላ እንዳይመስላችሁ፣ ማታ ቤት ስገባ ከእሱ ሌላ አልፈልግም። ለሥራ ግን አይሆንም። ከዝናብ ልብሱ ሥር የምትለብሱትም እንደዚሁ የጥጥ ካናቴራ ባይሆን ይመረጣል። የሱፍ ሹራብ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ማልያ ልበሱ።

ወደ ጨርቁ እንምጣ። ገበያ ላይ ሁሉም ነገር "ላስቲክ" ነው የሚባለው፣ ግን አንድ አይደለም። ስስ የሆነው፣ ጨርቅ የሌለው ላስቲክ ርካሽ ነው፤ የመጀመሪያው እሾህ አጥር ላይ ያበቃለታል። ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ የተቀባው ከውስጥ ጨርቅ አለው፣ ከውጭ ላስቲክ፤ ይከብዳል፣ ይጠነክራል፣ በጎማ ውሃ ለቃችሁ እበቱን ማጠብ ትችላላችሁ። ለበረት ሥራ እኔ ከእሱ ሌላ አልገዛም። ፖሊዩሬቴን የሚባል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተቀባው ቀለል ይላል፣ ይለጠጣል፣ ብርድ ላይ ድርቅ ብሎ አይቀርም፤ ለሚጎነበስ ሰው ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ከዚያ እንደ ጎርቴክስ ያለው "የሚተነፍስ" የሚባለው አለ። ላብን እንደ እንፋሎት እያስወጣ ዝናቡን ይከለክላል ነው ነገሩ፣ እውነትም ይሠራል። ጭቃ ሲለጠፍበትና ውጪው ርሶ ሲቀር ግን መተንፈሱ ይቀንሳል፣ እሾህ ከወጋው ደግሞ አለቀ። ማሳ ለማሳ እየዞረ ለሚያማክር ባለሙያ ይሁን፣ ለእኔ ዓይነቱ ጭቃ ውስጥ ለሚንበረከክ ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ቁጥር ያለበት ልብስ ካጋጠማችሁ እንዲህ አንብቡት። 5,000 ወይም 10,000 ሚሊ ሜትር የሚለው፣ ጨርቁ ላይ ምን ያህል ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆም ነው ማስገባት የሚጀምረው ማለት ነው። ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ይሻላል። ዋናው ነገር ግን ግፊት ነው። ትከሻ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብዙ አይገፋም፣ የምትንበረከኩበት ጉልበትና የምትቀመጡበት ቂጥ ግን በሰውነታችሁ ክብደት ውሃውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ሱሪ ሁልጊዜ ከጃኬት ቀድሞ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ጉልበቱ ላይ ደረብ ያለ ጨርቅ ካለው ውሰዱት።

ሳልባጅ መናቅ ደግሞ ስህተት ነው። ከአውሮፓ የመጣ የሠራተኛ ልብስ እዚያ ክምር ውስጥ አይጠፋም። ውስጡ የተሰፋችውን ምልክት ፈልጉ፣ ኢኤን 343 (EN 343) የሚል ከተጻፈበት ለዝናብ የተፈተነ የሥራ ልብስ ነው። አጠገቡ ሁለት ቁጥር ይኖራል፣ የመጀመሪያው ውሃ መከልከሉን፣ ሁለተኛው መተንፈሱን ይናገራል። ሁለቱም ከፍ ሲል ጥሩ ነው። የመጀመሪያው 3 ሆኖ ሁለተኛው 1 ከሆነ፣ ዝናብ አያስገባም ግን በላብ ትቀቀላላችሁ ማለት ነው። አሮጌ ስለሆነ ግን ገልብጣችሁ እዩት። ውስጡ እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ወይም ጣት ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ቅቡ ሞቷል፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ሱቅ ውስጥ አትፈሩ፣ ፈትኑት። እኔ ሃይላንድ ይዤ ነው የምሄደው። ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት እንደ ሳህን አድርጌ እይዝና ትንሽ ውሃ አፈስበታለሁ፣ ከዚያ እስከ አምስት ደቂቃ ስለ ዋጋ እየተከራከርኩ እጠብቃለሁ። ከሥር ጣቴ ከረጠበ ክርክሩ አበቃ። አንዳንዱ ነጋዴ ይቆጣል፤ የሚቆጣው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው። ጨርቁ የቱንም ያህል ቢጠነክር መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ስፌቱ ከውስጥ በኩል ቴፕ የተለጠፈበት ወይም በሙቀት የተበየደ መሆን አለበት። ቴፑን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት፣ ጫፉ ከተነሳ ከአሁኑ መላቀቅ ጀምሯል።

ከዚያ ለብሳችሁ ሥሩ። አዎ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ። ድንች እንደሚያወጣ ሰው ተጎንበሱ፣ እንደሚያልብ ሰው ቁጢጥ በሉ፣ ዕርፍ እንደያዘ ሰው እጃችሁን ዘርጉ። ሰዉ ይስቃል፣ ይሳቅ። ስትጎነበሱ ወገባችሁ ከኋላ ከተገለጠ፣ ማሳው ላይ ዝናቡ በዚያች ክፍተት ገብቶ ነው የሚቀጣችሁ። ለዚህ መድኃኒቱ ሳሎፔት ነው፣ ማንገቻ ያለው ደረት ድረስ የሚደርስ ሱሪ። እጃችሁን ወደ ላይ ስታነሱ ደግሞ ውሃ በእጅጌው ወደ ብብት ይወርዳል፣ ስለዚህ የእጅጌው ጫፍ አንጓ ላይ ሰብሰብ የሚል ይሁን። ዚፕ ብቻ ያለው ጃኬት አልወድም፤ ጭቃና አሸዋ ሲገባበት ይነክሳል፣ በቀዘቀዘ ጣት ደግሞ አይከፈትም። ተጭኖ የሚዘጋ ትልልቅ ቁልፍ ይሻላል። ኮፍያው ከራሳችሁ ጋር አብሮ ካልዞረ ከጎን የሚመጣውን አታዩም፣ በሬ አጠገብ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ስለ ከብት ካነሳን፣ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። አዲስ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። ያን አዲስ ልብሴን ለብሼ በረት ስገባ፣ ድምፄን እንደ ልጇ የምታውቀው ላሜ ዓይኗን አፍጣ አየችኝ፣ ቁጢጥ ብዬ ጡቷን ስነካ እጅጌዬ ቿ አለ፣ በእግሯ ባልዲውን ከነወተቱ ገለበጠችው። አሁን አዲስ ልብስ ስገዛ መጀመሪያ ሁለት ቀን በረቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ያሸቱታል፣ ይለምዱታል።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩትን ሁሉ ተዉትና ከእግር ጀምሩ። ጥሩ ቦት አድርጎ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት የደረበ ሰው፣ ውድ ጃኬትና ቀዳዳ ጫማ ካደረገው ይሻላል። የደጋችን ቀይ አፈር ባዶ እግር ላይ ለዓመታት ሲመላለስ ደቃቁ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ እግር የሚያሳብጥ ዝሆኔ ያመጣል። ይሄኛው በትንኝ የሚመጣው አይደለም፣ መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ ጭቃ መግባት ጫማ ማድረግ አይባልም።

ቦት ስትገዙ ማታ ግዙ፣ እግር ማታ ያብጣል። በምትሠሩበት ወፍራም ካልሲ ለኩት። ጠባብ ከሆነ ደም ይይዝና ጣት ይቀዘቅዛል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ ዋልካ አፈር ጉድ ይሠራችኋል፦ እግራችሁ ይወጣል፣ ቦቱ እዚያው ይቀራል፣ እናንተ በአንድ እግር ቆማችሁ ካልሲያችሁን ጭቃ ላይ ላለማሳረፍ ትታገላላችሁ። እኔ ተሸንፌ አውቃለሁ። ሶሉ ለማሳ ጥርሱ ጥልቅና ራቅ ራቅ ያለ ይሁን፣ ጭቃው እንዲረግፍ። ለበረት ሲሚንቶ ግን ጥቃቅን ጥርስ ነው የማያንሸራትተው። ርካሹ የፕላስቲክ ቦት ብርድ ላይ ይደርቅና ቁርጭምጭሚቱ ጋ ይሰነጠቃል። እውነተኛው ጎማ ሲታጠፍ ይለመጣል፣ አንዳንዴ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ አሮጌ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ የጎማ ጠባይ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ሲቀደድ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ እንደ ከመነዳሪ ያስለጥፉታል። ፕላስቲኩ ላይ ያ ሙጫ ብዙ አይቆይም።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ነገር። ሱሪው ቦቱ ውስጥ አይገባም! ከቦቱ ውጭ ነው የሚወርደው። ውስጥ ከከተታችሁት ከሱሪው ላይ የሚወርደው ውሃ በሙሉ ቦቱ ውስጥ ይጠራቀማል። የጣሪያ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚደራረብ አስቡ፣ የላይኛው ሁልጊዜ ከታችኛው በላይ ይወርዳል።

ማዳበሪያ ያልኩት ቀልድ አይደለም። ለማታውቁት፦ ባዶውን የማዳበሪያ ከረጢት ከታች ካሉት ሁለት ማዕዘኖች አንዱን ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ሌላኛው ማዕዘን ውስጥ ትከቱታላችሁ። ሹል ኮፍያ ይሆናል፣ ቀሪው ጀርባ ላይ ይወርዳል። ውሃውን በደንብ የሚከለክለው የውስጡ ላስቲክ ስለሆነ እሱን አታውጡት፣ ከመልበሳችሁ በፊት ግን እጠቡት፣ ቀሪው ማዳበሪያ ላብ ሲነካው ቆዳ ያሳክካል። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ማንኛውንም ከረጢት ግን ለዚህ አታስቡት። መድኃኒት የረጫችሁበትን ልብስም ለብቻው እጠቡና ለብቻው ስቀሉ፣ እሱን ለብሳችሁ ወተት አትለቡ።

ከብት ይዛችሁ አስፋልት ዳር የምትመለሱ ከሆነ፣ ጥቁር ካፖርት አትግዙ። በካፊያና በጉም ውስጥ ሹፌሩ በሬውን ሊያይ ይችላል፣ እናንተን ግን አያያችሁም። ከላዩ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ደርቡበት፣ ብዙ አያወጣም።

ከሥራ ስትመለሱ የልብሱን ጭቃ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቁና ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ፀሐይ ላስቲክን ያደርቃል፣ እሳት ዳር ደግሞ ያቀልጠዋል። ቦቱ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ እስከ ጠዋት እርጥበቱን ይመጠዋል። የሚተነፍሰውን ዓይነት የገዛችሁ ከሆነ በኦሞ አትጠቡት፣ ቀሪው ሳሙና ውሃ እንዲስብ ያደርገዋል። መስቀል ካለፈ በኋላ እርጥቡን አጣጥፋችሁ ጆንያ ሥር አትወርውሩት። እኔ አንድ ዓመት እንደዚያ አድርጌ ሰኔ ላይ ስፈልገው፣ አይጥ እጅጌውን በልታ ኪሱ ውስጥ ወልዳ አገኘኋት። አሁን የምሰቅለው ከጣሪያው ማገር ላይ በሽቦ ነው።