ከክንፍ የሚላቀቅን አየር በስፒከር መመለስ፦ በባሕር ዳር ወርክሾፕ ለሚሞክሩ

የአውሮፕላን ክንፍ ከነፋሱ ጋር የሚሠራው አንግል ከልክ ሲያልፍ፣ በላይኛው ገጽ ተጣብቆ ይሄድ የነበረው አየር ከገጹ ይላቀቃል። በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑን የሚያነሣው ኃይል ይቀንሳል፣ ጎታቹ ኃይል ይጨምራል፣ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ሁኔታም ይከተላል። ምክንያቱ ገጹን ተጠግቶ የሚሄደው ስስ የአየር ንብርብር በሰበቃ ፍጥነቱን ማጣቱ ነው። ከክንፉ ወፍራም ክፍል ወደ ኋላ ግፊቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣ የተጫነ መኪና ጉልበቱን ከታች ከጨረሰ ዳገቱ መሐል እንደሚቆም ሁሉ፣ የደከመው ንብርብርም ይቆማል፣ ከዚያም ወደ ኋላ ይመለሳል። ሉድቪግ ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1904 ይህን ንብርብር ሲያስረዳ፣ በሲሊንደር ገጽ ላይ በተከፈተ ስንጥቅ ፈሳሹን በመምጠጥ መላቀቁን ማዘግየት እንደሚቻል አሳይቷል። ከዛሬዎቹ አነስተኛ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ግን መምጠጥና መትፋትን እያፈራረቁ በጥቂት ኃይል ብዙ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ናሳና ቦይንግ አየር የሚተፉ ብቻ የሆኑ 31 ትንንሽ መርጫዎችን በአንድ ቦይንግ 757 አውሮፕላን ቀጥ ያለ ጭራ ላይ ገጥመው በበረራ ፈትነዋል።

ለጀማሪ የምመክረው በስፒከር የሚሠራውን ዓይነት ነው፤ የስፒከሩ ገጽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመታ አየርን በክንፉ ስንጥቅ በኩል እያፈራረቀ ይመጣል፣ ይተፋልም፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ አደጋ የለውም፣ የሚሠራውም በግልጽ ይታያል። ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የናካ 0015 ቅርጽ (ከላይና ከታች እኩል የሆነ፣ ውፍረቱ ከፊት እስከ ኋላ ጠርዝ ካለው ርዝመት 15 በመቶ) ያለው ክንፍ ውስጡን ክፍት አድርገው ይሥሩ። በላይኛው ገጽ፣ ከፊት ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ በክንፉ ወርድ ሙሉ ይክፈቱ። ቦታው ወሳኝ ነው፤ የስንጥቁ የአየር ምት የሚሰጠው አየሩ ከሚላቀቅበት ጥቂት ቀደም ብሎ መሆን አለበት፣ ከተላቀቀ በኋላ ቢሰጥ ጥቅሙ በእጅጉ ያንሳል። ስፒከሩን ከዊንድ ተነሉ (ነፋስ ከሚነፍስበት የመሞከሪያ ቱቦ) ግድግዳ ውጭ አስቀምጠው ከክንፉ ባዶ ውስጥ ጋር ያገናኙት፣ መጋጠሚያዎቹንም በሲሊኮን ይድፈኑ። በመጋጠሚያ የምታመልጥ እያንዳንዷ ትንፋሽ ከስንጥቁ የምትቀነስ ናት። የውስጡ ባዶ ቦታም በተቻለ መጠን ትንሽ ይሁን።

የስፒከሩ ምት ፍጥነት የሚመረጠው በግምት አይደለም። የነፋሱን ፍጥነት ከስንጥቁ እስከ ኋላ ጠርዝ ላለው ርዝመት ያካፍሉ፤ ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 55 ኸርዝ (በሰከንድ 55 ምት) ገደማ ነው። ከዚህ ቢጀምሩ ጥሩ ውጤት የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው፤ ከዚያ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ይፈትሹ። በትክክል 50 ኸርዝ ላይ ግን አይሥሩ፤ የመብራት መስመራችን በዚያው ልክ ስለሚመታ በመለኪያው ውስጥ የሚገባውን የመስመር ጫጫታ ከስፒከሩ ሥራ መለየት ያቅትዎታል። የሚንቀሳቀሰው ገጹ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፒከር ወደ ፊትና ወደ ኋላ 2 ሚሊ ሜትር ቢሄድ፣ ከስንጥቁ የሚወጣው አየር ከፍተኛ ፍጥነት በስሌት በሰከንድ 11 ሜትር ይደርሳል። ይህም ከነፋሱ ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ለመነሻ በቂ ነው።

የሚቀጥለውን ነጥብ በጎጃም የሚሠራ ሰው ሊዘነጋው አይገባም። የባሕር ዳር ከፍታ ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የአየሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 0.97 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ መጻሕፍት የሚሰጡት 1.225 ግን የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። የነፋሱ ፍጥነት የሚሰላው ከተለካው ግፊትና ከእፍግታው ስለሆነ፣ በዚያ ቁጥር ቢያሰሉ በሰከንድ 10 ሜትር የሆነውን ነፋስ 8.9 ብለው ይመዘግባሉ፣ የምት ፍጥነቱ ስሌትም አብሮ ይሳሳታል። ደብረ ማርቆስ ከዚህም ከፍ ስለሚል ልዩነቱ ይብሳል። በ10 ሜትር ፍጥነት የነፋሱ ግፊት ከ5 ሚሊ ሜትር የውኃ ከፍታ አይበልጥም፤ ስለዚህ ማኖሜትሩን (ግፊትን በውኃ ከፍታ የሚለካውን ቱቦ) ከአግድም ወደ 6 ዲግሪ ገደማ አጋድመው ቢያስቀምጡት ያው ንባብ አሥር እጥፍ ተዘርግቶ ይታያል።

አየሩን ለማየት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የተቆረጡ ቀጫጭን የሸማ ድሮች በላይኛው ገጽ ላይ በየረድፉ ይለጥፉ፤ ወፍራም የሱፍ ክር ራሱ አየሩን ስለሚረብሽ አይሆንም። አየሩ ሲጣበቅ ድሮቹ ወደ ኋላ ተዘርግተው ጸጥ ይላሉ፣ ሲላቀቅ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዶቹም ጫፋቸውን ወደ ፊት ያዞራሉ። ከስንጥቁ ፊት ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ጥብጣብ ይለጥፉ፤ ጥብጣቡ አየሩን ከመጀመሪያው ነውጠኛ (የተዘበራረቀ) ያደርገዋል፤ በዚህ አነስተኛ ፍጥነት አየሩ ራሱ ወደ ነውጠኛ ፍሰት ሲለወጥ ዘግይቶ ስለሚላቀቅ፣ ያንን የስፒከሩ ሥራ አድርገው እንዳይቆጥሩት ይረዳል።

አንግሉን በአንድ በአንድ ዲግሪ እየጨመሩ አራት ሁኔታዎችን ያነጻጽሩ፦ ስንጥቁ በፕላስተር ተሸፍኖ ስፒከሩ ሲጠፋ፣ ስንጥቁ ክፍት ሆኖ ስፒከሩ ሲጠፋ፣ ስንጥቁ ተሸፍኖ ስፒከሩ ሲሠራ፣ በመጨረሻም ስንጥቁ ክፍት ሆኖ ስፒከሩ ሲሠራ። ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ ነገር ግን ለውጡ የመጣው ከክንፉ ንዝረት ሳይሆን ከአየሩ መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ብቻ ነው። አንግሉን ሲቀንሱም ይመዝግቡ፣ አየሩ ተመልሶ የሚጣበቀው ከተላቀቀበት ባነሰ አንግል ሊሆን ይችላልና። ድሮቹ ከተረጋጉ በኋላ ስፒከሩን የሚነዳውን የአምፕሊፋየር ድምፅ ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ፣ አየሩ ሳይላቀቅ የሚቆይበትን ዝቅተኛ ኃይል ያግኙ። የመሣሪያው ብቃት የሚለካው በዚህ ቁጥር ነው።

በመዳብ ጥብጣብ የሚሠራው፣ አየርን በኤሌክትሪክ የሚገፋው የፕላዝማ መሣሪያ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይማርካል፤ ሆኖም ብዙ ሺህ ቮልት ይፈልጋል፣ ኦዞን ያመነጫል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ የሚያውቅ ኃላፊ አጠገብዎ ሳይኖር አይሞክሩት። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ብልጭታው በባሕር ጠረፍ ከተመዘገበው ባነሰ ቮልቴጅ ስለሚነሣ፣ ከሌላ አገር ጽሑፍ ያገኙትን የቮልቴጅ ቁጥር እንዳለ ሳይወስዱ በጣም ዝቅ ብለው ይጀምሩ።