የቬትናምን የቡና ወሬ ከጅማ ሆኖ እንዴት መመዘን ይቻላል?

በጅማ እሸት የሚሰበስብ፣ ጀንፈል የሚያቀርብ ወይም ከላኪ ጋር የሚዋዋል ሰው «የቬትናም ምርት ቀነሰ» ሲባል ከሰማ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ቡናውን ሊይዝ ይችላል። ወሬው እውነት ቢሆን እንኳ የትኛውን ቡና፣ የትኛውን አካባቢና የትኛውን ወቅት እንደሚመለከት ካልታወቀ ለውሳኔ አይበቃም። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ስለሆነች ጊዜ ወስዶ ማጥናቱ ያዋጣል፤ ጥናቱም ከምርት አኃዝ ሳይሆን ከካርታ ቢጀመር ይሻላል።

አገሪቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወደ 1,650 ኪሎ ሜትር ትረዝማለች፤ መሐል ላይ ግን እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጠባለች። በሰሜን ቻይና፣ በምዕራብ ላኦስና ካምቦዲያ ሲያዋስኗት ምሥራቋ ባሕር ነው። ወደ 100 ሚሊዮን ከሚጠጋው ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በባሕር ዳርቻውና በሁለቱ ሩዝ አብቃይ ረባዳ ሜዳዎች፣ ማለትም ሃኖይ በምትገኝበት በቀይ ወንዝ እና በደቡቡ በሜኮንግ ዙሪያ ነው። ቡናው በብዛት የሚበቅለው ግን ከሁለቱም ርቆ፣ ወደ ካምቦዲያና ላኦስ በሚጠጋው የመካከለኛው ደጋ ቀይ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ የጎርፍ ወይም የአውሎ ነፋስ ዜና ሲመጣ መጀመሪያ ቦታውን ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2024 ያጊ የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን ቬትናምን ክፉኛ ሲመታ ዋናው የቡና መሬት በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ርቆ ነበር።

ሊታወቁ የሚገባቸው ስሞች ጥቂት ናቸው፤ ዳክ ላክ፣ ላም ዶንግና ጊያ ላይ የተባሉት ክፍላተ ሀገር፣ እንዲሁም የቡናው ዋና ከተማ ቡኦን ማ ቱኦት። ይህች ከተማ «ደጋ» ውስጥ ናት ቢባልም ከፍታዋ ወደ 500 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለጅማ ሰው ቆላ ናት፤ የአገሪቱ ምርት ከ90 በመቶ በላይ ሮቡስታ የተባለው የቆላ ቡና የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እንደ እኛው ያለ ዐረቢካ ቡና የሚገኘው እንደ ዳ ላት ባሉ 1,500 ሜትር በሚደርሱ ቦታዎች ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የቬትናም 63 ክፍላተ ሀገርና ከተሞች ተዋሕደው 34 ሲሆኑ ዳክ ላክ የባሕር ዳርቻውን ፉ የን ጠቅልሏል፤ የድሮውን የዳክ ላክ አኃዝ ከአዲሱ ጋር በቀጥታ ማወዳደር ስለዚህ ያሳስታል።

ከካርታው ቀጥሎ ወቅቱን ይያዙ። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ወሳኙ ጊዜ ግን ከዚያ የሚከተለው በጋ ነው። በእኛ አካባቢ ቡናው ለማበብ ዝናብ ሲጠብቅ የዳክ ላክ ገበሬ ከጉድጓድና ከኩሬ በሞተር ውኃ እየሳበ፣ በበጋው ሁለት ሦስት ዙር እያጠጣ እንዲያብብ ያደርገዋል። ከሄክታር ከ2 ቶን በላይ የሚያገኘውም በዚሁ መስኖና በብዙ ማዳበሪያ ነው፤ ዋጋውን ግን የከርሰ ምድር ውኃው እየከፈለ ነው። ስለዚህ ከጥር እስከ ሚያዝያ ስለ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ስለ ጉድጓዶቹ ውኃ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የሚወጣውን ይከታተሉ።

በዚሁ መካከል፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ የጨረቃ አዲስ ዓመት የሆነው ቴት ይውላል። ለአረፋ በግ ለመግዛት ጀንፈል እንደሚሸጠው ገበሬ ሁሉ የቬትናሙም ከበዓሉ በፊት ለወጪው የሚሆነውን ቡና ያወጣል፤ በበዓሉ ሰሞን ንግዱ ይቀዘቅዛል። ያንን ዝምታ የእጥረት ምልክት አድርጎ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው።

ቡናውን እ.ኤ.አ. በ1857 ያስገቡት የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ቢሆኑም መስፋፋቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ዶይ ሞይ የተባለው የኢኮኖሚ ማሻሻያ ከታወጀ በኋላ ነው። በአገሪቱ ብዙኃን ከሆነው ከኪን ሕዝብ ብዙ ሰው ከሜዳው ወደ ደጋው ፈለሰ፤ ውርስ በእናት በኩል የሚተላለፍባቸው የኤዴና የጃራይ ሕዝቦችም በገዛ ምድራቸው አናሳ ሆኑ። አገሮች የሚልኩትን ቡና መጠን የሚገድበው ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ የቬትናም ምርት በፍጥነት አደገ፤ ነባር ነጋዴዎቻችን የማይረሱት የ1994 ዓ.ም. ገደማ የዋጋ ውድቀት አንዱ መነሻም ይህ ነበር። ዛሬ አገሪቱ በዋናነት የምትኖረው በኤሌክትሮኒክስ፣ በልብስና በጫማ ኤክስፖርት ነው። የደጋው ገበሬም ለቻይና በሚሸጠው ዱሪያን በተባለ እሾሃማ ፍሬና በቁንዶ በርበሬ ገንዘብ ስለሚያገኝ ዋጋው ካልጣመው ቡናውን ያቆያል፤ «ቡና ጠፋ» ከሚባለው ወሬ ከፊሉ መጋዘን ውስጥ ያለ ቡና ነው።

መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ይቀራል። የሮቡስታ ዋጋ የሚታየው በለንደን፣ በቶን በዶላር ነው፤ የእኛ ዐረቢካ የሚመዘንበት የኒው ዮርክ ዋጋ ደግሞ ለአንድ ፓውንድ ክብደት በአሜሪካ ሳንቲም ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ የለንደኑን ለ58.8 ያካፍሉ፤ የኒው ዮርኩን ወደ ዶላር ለውጠው በ37.5 ያባዙ። ለምሳሌ ለንደን 4,000 ዶላር ቢል ፈረሱላው 68 ዶላር ገደማ፣ ኒው ዮርክ 300 ሳንቲም ቢል 112 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሁለቱንም በየሳምንቱ ከነቀኑ ጎን ለጎን ይመዝግቡ። የለንደኑ ብቻ ከፍ ብሎ ልዩነቱ ከጠበበ ወሬው የሮቡስታ ነው፤ ቡና የሚቆሉ ድርጅቶች የሮቡስታውን ድርሻ በርካሽ ዐረቢካ ለመተካት ካልሞከሩ በቀር የጅማን ዋጋ ወዲያው አያነሣም። ሁለቱም አብረው ከወጡ ግን ምክንያቱን ከቬትናም ይልቅ በብራዚል መፈለግ ይቀድማል።