አሮጌ ቮልስ የሚተውንበት የልጆች ፊልም ሲሠራ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ክብ መብራቶቹ ዓይን፣ ኮፈኑ አፍንጫ ስለሚመስሉ ቮልስ ለልጆች ፊልም የተፈጠረ ነው የሚባለው። የመጀመሪያው ስህተት ከዚሁ ይነሳል፤ ፊት አለው ተብሎ አፍ አውጥቶ እንዲናገር ይደረጋል። ባለው ነገር ይግባባ፤ በጡሩምባው፣ በፍሬቻው፣ በዝናብ መጥረጊያው፣ አልከፈት በሚል በሩ። የማይችለው ነገር በጊዜ ካልታወቀ ልጆች አይጨነቁለትም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የኋላውን ወንበር አንሥቶ ሥሩን ሳያዩ ልጆችን ማሳፈር ነው። የቮልስ ባትሪ ያለው በስተቀኝ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ያረጀ የወንበር ሞላ ሦስት ልጆች ሲዘሉበት ወደ ታች ይረግብና የባትሪውን ጫፎች ይነካል። ያኔ ብልጭታ ይነሳል፤ የወንበሩ ሙሌት ይቀጣጠላል። ባትሪው ክዳን ከሌለው ወፍራም ጎማ አልብሳችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። መኪናው ቆሞ ለሚቀረጽ ትዕይንት ደግሞ ገመዱን መንቀል ይሻላል። ቤንዚኑ ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ስለሆነ የተሰነጠቀ የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማ ሳይለወጥ ቀረጻ አይጀመር። እሳት ማጥፊያው መኪናው ውስጥ ሳይሆን ካሜራው አጠገብ ይቀመጥ።

ንግግርን መኪናው እየሄደ መቅረጽም አያዋጣም። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ጩኸት የልጆችን ድምፅ ይውጠዋል። መኪናውን አቁሙ፤ ሁለት ሰዎች ከካሜራ እይታ ውጭ ፓራውልቱን ይዘው በቀስታ ይወዝውዙት፣ ሌላው ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ በመብራት ፊት ደጋግሞ ያሳልፍ። ጥላው መስታወቱ ላይ ሲሮጥ መኪናው የሚሄድ ይመስላል። የሞተሩን ድምፅ፣ ሲነሣም፣ ቆሞ ሲሠራም፣ ሲጠፋም፣ ለየብቻው ቅረጹ።

ቆሟል ብሎ መዘናጋትም አለ። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው በገመድ የሚይዘው፤ ገመዱ ሲረግብ ቁልቁለት ላይ ይለቃል። መሪ የያዘ ልጅ ባለበት ትዕይንት ሁሉ ለአራቱም ጎማ ታኮ ይደረግ።

የመንዳት ትዕይንት ሲመጣ ሹፌሩ አዋቂ ይሁን፣ ከሩቅ ይቀረጽ። ከመነሣቱ በፊት ቺንጊያውን፣ ማለትም ዲናሞውን የሚያዞረውን የሞተር ቀበቶ፣ እዩት፤ በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረግብ ይገባል። የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ሹፌሩ ወዲያው ሞተር ያጥፋ፤ ያው ቺንጊያ ማቀዝቀዣውንም ስለሚያዞር፣ "ይህችን ትዕይንት ብቻ እንጨርስ" ማለት ሞተሩን ያስበላል።

መኪናው ላይ ያለው አቧራ ከትዕይንት ትዕይንት እንዳይለያይም ተጠንቀቁ። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በኋላ አራቱንም ጎን ፎቶ አንሡ፤ በማግስቱ ሰው ሳያስብ አጥቦት ሊገኝ ይችላል።