የበርሜል ኤል የሚቀዳበትን የእንግሊዝ ፐብ እንዴት እንመርጣለን፣ አልጋስ የት እንይዛለን?

እንግሊዝ አገር ጥሩ ኤል፣ ማለትም የአገሩን ነባር ቢራ፣ ልጠጣ ብሎ ወደ ፐብ (መጠጥ ቤት) የወጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ቤቱን ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ እንጨቱ የጠቆረ፣ ምድጃው የሚነድ። ቤቱ 300 ዓመት ሊሞላው ይችላል። በርሜሉ ግን ከተከፈተ በኋላ ዕድሜው ሦስት ቀን ያህል ነው። ስለዚህ የፐቡ ምርጫም፣ የምትሄዱበት ቀንም፣ የምትይዙት አልጋም የሚታሰበው ከዚያ በርሜል ተነሥቶ ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። በር ላይ ከቀትር በኋላ 3 ተብሎ የተጻፈው የእኛ 9 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።)

1. የምትፈልጉትን ቢራ እወቁ

ሪል ኤል ወይም የበርሜል ኤል የሚባለው ሳይጣራና በሙቀት ሳይታከም፣ እርሾው እንዳለ በርሜል ውስጥ ገብቶ እዚያው መፍላቱን የሚቀጥል ቢራ ነው። እኛ ድራፍት የምንለው ተጣርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በጋዝ ግፊት የሚወጣውን ነው። ሪል ኤል ግን ጋዙን ራሱ ይሠራል፤ ከምድር ቤት የሚሳበውም በእጅ ፓምፕ ነው። ጠላ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ አተላው ይዘቅጣል፣ ጥሩው ከላዩ ይቀዳል፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ቀኑ ይቆጠራል። ለዚህ ቢራ የሚሟገተው ካምራ የተባለው የጠጪዎች ማኅበር በ1971 የተቋቋመው የጋዝ ቢራ ገበያውን እየጠቀለለ በነበረበት ጊዜ ነው።

ባንኮኒው ላይ ረጅም እጀታ ያላቸው ፓምፖች ቆመው ካያችሁ የበርሜል ኤል አለ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ላይ የቢራው ስምና የአልኮል መጠኑ የተጻፈበት ሰሌዳ ይንጠለጠላል። ሰሌዳው ፊቱን ወደ አስተናጋጁ ካዞረ ያ ቢራ አልቋል ወይም ገና አልደረሰም፤ አትጠይቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ቢተር ከሚባለው፣ 4 በመቶ አካባቢ ካለው ቢጀምር ይሻለዋል። ማይልድ ጠቆር ያለና ቀለል ያለ ነው። ፖርተርና ስታውት የተቆላ ብቅል ጣዕም አላቸው። 6 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን በግማሽ ብርጭቆ ቅመሱት።

2. ሒሳቡን ሥሩ

በብዛት የምታገኙት በርሜል ፈርኪን ይባላል፤ 9 ጋሎን፣ ማለትም 41 ሊትር ገደማ ይይዛል። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ከአንዱ በርሜል 72 ፓይንት ይወጣል፤ አተላው ሲቀነስ ትንሽ ያንሳል። ይህ በሦስት ቀን ካለቀ በቀን 24 ፓይንት ነው። እንግዲህ ስምንት ፓምፕ የደረደረ ፐብ በቀን 190 ያህል ፓይንት ኤል መሸጥ አለበት። ከተማ መሀል ያለ፣ ሰው የሚጋፋበት ቤት ይሸጣል። ሦስት ሽማግሌና አንድ ውሻ የተቀመጡበት የገጠር ቤት ግን አይሸጥም፤ እዚያ ሁለት ፓምፕ ብቻ ማየት ጥሩ ምልክት ነው። ብዙ ፓምፕ ከብዙ ጠጪ ጋር ካልሆነ አትመኑት።

በርሜሉ ምድር ቤት እንደደረሰ በጎኑ ይጋደማል። ከላይ ባለው ቀዳዳ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ ይገባና ትርፉ ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አተላው እስኪዘቅጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጠበቃል። መቅዳት ሲጀመር በወጣው ቢራ ምትክ አየር ይገባል፤ ጥቂቱ ጣዕሙን ያለሰልሰዋል፣ ቀን ሲቆጠር ግን ያኮመጥጠዋል። የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። «የእንግሊዝ ቢራ ሞቃት ነው» የሚባለው በረዶ የለመደ ሰው ወሬ ነው፤ በደንብ የተያዘ ኤል ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሙቀቱ ሲያልፍ ቶሎ ይበላሻል፣ በጣም ሲያንስ ደግሞ ይደፈርሳል፣ ጣዕሙም ይደበቃል።

ፐቡን ለመፈለግ የካምራን ድረ ገጽ ተጠቀሙ፤ የበርሜል ኤልና መኝታ ያላቸውን ቤቶች ለይቶ ያወጣል። በር ላይ ካስክ ማርክ የሚል ምልክት ካለ ደግሞ መርማሪዎች መጥተው የቢራውን ሙቀት፣ መልክ፣ ሽታና ጣዕም ፈትሸው አልፏል ማለት ነው።

3. ቀኑን ምረጡ

ከሐሙስ ማታ እስከ እሑድ ምሳ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በርሜሉ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል። ሰኞና ማክሰኞ ከቅዳሜ የተረፈው ሊቀዳላችሁ ይችላል። ብዙ የገጠር ፐብ ሰኞ ጭራሽ አይከፍትም።

እንግዳን በብዛት የሚያሳፍረው ግን ሰዓቱ ነው። ገጠር ውስጥ ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት በሩን የሚዘጋ ቤት አሁንም አለ። ወጥ ቤቱ ደግሞ ከቤቱ ቀድሞ ይዘጋል፤ ምሳ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሊያቆም ይችላል፣ እሑድ ማታ ብዙ ቦታ ምግብ የለም። ከለንደን ተነሥቶ 10 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ሻንጣውን ይዞ ዝግ በር ፊት የሚቆመው ይህን ሳይጠይቅ ስለወጣ ነው።

4. አልጋውን ቀድማችሁ ያዙ

ምርጫው ሦስት ነው፦ ፐቡ ራሱ ፎቅ ላይ የሚያከራየው ክፍል፣ መንደሩ ውስጥ ቁርስ ጨምሮ የሚያሳድር የግለሰብ ቤት፣ ወይም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ሆቴል። ለኤል ከሆነ የመጣችሁት የመጀመሪያው ይመረጣል፤ ደረጃ ወጥቶ መተኛት ነው። ሲደውሉ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦

- ክፍሉ ከባሩ በላይ ነው ወይስ በጓሮ በኩል? ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃ አለ?
- በዚያ ምሽት ወጥ ቤቱ ይሠራል? እስከ ስንት ሰዓት?
- ባሩ ዝግ ሳለ ከደረስን ቁልፍ ማን ይሰጠናል?
- ደረጃው እንዴት ነው? አሮጌ ቤት ሊፍት የለውም፤ በሩ ላይ ጭንቅላት የሚመታ ወራጅ እንጨት አይጠፋም።

ቁርሱን በተመለከተ፣ የእንግሊዝ ሙሉ ቁርስ ቋሊማውም ቤከኑም የአሳማ ነው፤ ጥቁሩ ቁራጭ ደግሞ በአሳማ ደም የተሠራ ነው። ማታውኑ ከተናገራችሁ በእንቁላል፣ በባቄላ፣ በእንጉዳይና በቲማቲም ይተኩላችኋል። ለጾመኛ «ቪጋን» ማለት ይበቃል። ባንኮኒው ላይ በትናንሽ ከረጢት የሚሸጠው ቡናማ ቅርጭምጭም የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ነው። ሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይ ዮርክሻየር፣ ድንች በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች ስላሉ ዓርብ ቀን ድንች ብቻ አዝዤ እጾማለሁ ያለ ሰው ዘይቱን ይጠይቅ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በርካታው የበርሜል ኤል አተላው ቶሎ እንዲዘቅጥ የሚደረገው ከዓሣ ፊኛ በሚሠራ ማጥሪያ ነው። በጾም ዓሣ የማይነካ ሰው ቪጋን የተባለውን ኤል ይምረጥ፤ እሱ ትንሽ ደፍረስ ቢል ጤናማ ነው።

5. ባንኮኒው ላይ

ተቀምጣችሁ አስተናጋጅ አትጠብቁ፤ አይመጣም። ወደ ባንኮኒው ሄዳችሁ ታዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ብርጭቋችሁን ራሳችሁ ትወስዳላችሁ። ወረፋ ባይታይም አለ፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ገንዘብ ማወዛወዝና ማፏጨት ነውር ነው፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ይበቃል። ወጣት ለሚመስል ሰው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ዕድሜው 18 ነው፣ ብዙ ቤቶች ግን ከ25 በታች የሚመስለውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ፓስፖርት ያዙ።

ጉርሻ ለቢራ አይሰጥም። ደስ ያለው ሰው አስተናጋጁን «ለራስህም አንድ ያዝ» ይለዋል፤ የአንድ መጠጥ ዋጋ ሒሳቡ ላይ ይደመራል። ከእንግሊዞች ጋር ከተቀመጣችሁ ግብዣው በተራ ነው፦ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። ተራው ሳይደርሰው የሚሄድ ሰው ይታወሳል! ሰባት ስምንት ከሆናችሁ ከመጀመሪያው «እኔ ለብቻዬ» ማለት ችግር የለውም፤ አለበለዚያ ሳትፈልጉ ስምንት ፓይንት ይጠብቃችኋል።

ለመቅመስ ትንሽ ጠይቁ፤ አብዛኛው ቤት በነፃ ይሰጣል። ገና እንደተከፈተ ከገባችሁ የአስተናጋጁን እጅ ተመልከቱ። ከምድር ቤት እስከ ፓምፑ ባለው ቧንቧ ውስጥ ያደረ ቢራ አለ፤ ጎበዝ ቤት መጀመሪያ እሱን ስቦ ይደፋል። እሱን ከቀዳላችሁ የምትጠጡት የትናንቱን ነው።

ሰሜኖች ፓምፑ አፍ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ክዳን ያስራሉ፤ አረፋው ወፍራም ይሆናል። ደቡቦች ያለሷ ይቀዳሉ፤ አረፋው ስስ ነው። ሁለቱም ልክ ነው። ብርጭቆው ግን ከጎደለ «ይሙሉልኝ» ማለት መብታችሁ ነው፤ ቅር የሚለው የለም።

6. የተበላሸውን ለዩ

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሡ፤ ደፍረስ እንዲል ካልተሠራ በስተቀር ጥርት ብሎ ማሳለፍ አለበት። ከዚያ አሽትቱ፣ ጎንጨት በሉ። የኮምጣጤ ጣዕም በርሜሉ ቀን እንዳለፈው ይናገራል። የረጠበ ካርቶን የሚሸት አየር የጎዳው ነው። ደፍርሶ እርሾ እርሾ ካለ ሳይዘቅጥ ተቀድቷል ወይም በርሜሉ ታቹ ደርሷል። የቅቤ ሽታ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ከፋብሪካ የወጣ ቢራ ላይ ይመጣል። ሞቶ ምላስ ላይ ምንም የማይነዝር ከሆነ ጋዙን የሚይዘውን ጠንካራ ውታፍ ማታ ሳይመልሱት አድሯል ማለት ነው። የመድኃኒት ሽታ ካለው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቧንቧ ጽዳት ነው፤ ቧንቧ በየሳምንቱ መታጠብ አለበት። የድኝ ሽታ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ውሃቸው ጂፕሰም የተባለ ማዕድን የበዛበት የበርተን አፖን ትሬንት ከተማ ቢራዎች ሲቀዱ ትንሽ ይሸታሉ፣ ቶሎም ይጠፋል።

የምትመልሱ ከሆነ ሁለት ጊዜ ከተጎነጫችሁ በኋላ ወዲያው መልሱ። ግማሹን ጠጥቶ የሚመልስ ሰው አይታመንም። «ይህ የኮመጠጠ መሰለኝ፣ ቢያዩልኝ» ማለት በቂ ነው። ደህና ቤት ሳይከራከር ይቀይራል፤ የሚከራከር ከሆነ ሌላ ቤት ሂዱ።

7. መኪና ካለ

የእንግሊዝ ሕግ ከ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ይፈቅዳል፤ ስኮትላንድ 50 ነው። ይህን በፓይንት ልተምን ማለት አያዋጣም። የሚረሳው የማግሥቱ ጠዋት ነው፦ 4 በመቶ የሆነ አንድ ፓይንት 2.3 የአልኮል ዩኒት አለው (አንዱ ዩኒት 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው)፤ ሰውነት በሰዓት አንድ ዩኒት ገደማ ያወጣል። አራት ፓይንት ጠጥቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ያቆመ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ገና መጨረሱ ነው። መንደር ውስጥ ታክሲ ከመንገድ አይገኝም፤ ቀን ላይ ደውሎ መያዝ ያስፈልጋል።

የት ይኬዳል?

መኪና ለሌለው ሼፊልድን የሚያህል የለም። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሼፊልድ ታፕ የሚባል ፐብ አለ፤ ድሮ የአንደኛ ክፍል ተሳፋሪዎች ማረፊያ ነበር። ከዚያ በትራም ሻልስሙር ወርዳችሁ በእግር ወደ ኬልሃም አይላንድ ሰፈር፦ በ1981 የተከፈተው ፋት ካት እና በ2008ና በ2009 ተከታትሎ የካምራ የአገር አቀፍ ምርጥ ፐብ የተባለው ኬልሃም አይላንድ ታቨርን ጎረቤታሞች ናቸው። አልጋውን ጣቢያው አካባቢ ያዙ።

ለንደን ውስጥ ሳዘርክ ያለው ዘ ጆርጅ በ1677 እንደገና የተሠራ የፈረስ ጋሪ ማረፊያ ነው፤ ባለ ሰገነቱ ግቢ መታየት አለበት። ዛሬ አያሳድርም፤ ለንደን ብሪጅ አካባቢ ሆቴል ሞልቷል።

ዮርክሻየር ውስጥ ማሻም ከ1827 ጀምሮ የሚጠምቀው የቲክስተን ፋብሪካ ከተማ ናት። የፋብሪካው የራሱ ፐብ ኋይት ቤር መኝታ አለው። 5.6 በመቶ የሆነውን ኦልድ ፔኩሊየር እዚያ ቅመሱ፤ ባቡር ግን አይደርስም። ታን ሂል ኢን በ528 ሜትር የብሪታንያ ከፍተኛው ፐብ ነው፤ ክፍል ያከራያል፣ ያለ መኪና ግን አይታሰብም፣ ክረምት ላይም በረዶ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል።

ተራራ ለሚወድ ደግሞ ሌክ ዲስትሪክት፣ ላንግዴል ሸለቆ ውስጥ ኦልድ ደንጀን ጊል የሚባል ሆቴል አለ። የተጓዦቹ ባር የከብት በረት ነበር፤ አሁን ሰው የሚቀመጠው ላሞቹ ይታሰሩበት በነበረው ክፍልፋይ ውስጥ ነው። በባቡር እስከ ዊንደርሚር፣ ከዚያ በአምብልሳይድ በኩል 516 ቁጥር አውቶቡስ በሩ ድረስ ያደርሳል። የመልሱን ሰዓት ከመውጣታችሁ በፊት እዩት፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ባሩ ከመድመቁ በፊት ይሄዳል።