እምቦጭን ከጣና ዳርቻ በእጅ የማስወገድ ዘዴ

በጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየውና በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን የወረረው ተንሳፋፊ አረም እምቦጭ፣ የፀሐይ ብርሃንን ከልሎ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚያመናምን፣ የዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉባቸውን ጥልቀት የሌላቸውን ቦታዎች ይነጥቃል።

ነቀላው ሐምራዊው አበባ ሳይፈካ መጀመር አለበት፤ ዘሩ አንዴ ከረገፈ በደለሉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና። በዳርቻው ቢልሃርዚያ ስላለ ረጅም የላስቲክ ቦቲና ጓንት ሳያደርጉ ወደ ውኃው አይግቡ። ያበጠውን የቅጠሉን እግር ብቻ ይዘው ቢስቡ ስለሚበጠስ፣ እጅዎን ከሥሩ አስገብተው ሙሉውን ያንሡት። እናቲቱን ከልጆቿ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ሐረግ ተቆርጦ ከቀረ ከዚያው አዲስ ተክል ይበቅላል፤ በማጭድ ማጨድ የሚጎዳውም ለዚህ ነው። እንደ ጭገር የተንዠረገገውን ጥቁር ሥር ውኃው ላይ ቀስ ብለው ያራግፉት፤ የተሸሸጉ ትናንሽ ዓሦች ይወጣሉ። ደንገሉን (ረጅሙን የውኃ ዳር ቄጠማ) ግን አይንኩት፤ ለታንኳ መሥሪያ ብቻ ሳይሆን ቀረሶና አምባዛ ለተባሉት ዓሦችም መጠለያ ነውና፣ ከእምቦጩ ጋር አብሮ ተነቅሎ ሳየው እጅግ አዝናለሁ።

የተነቀለው ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ፣ በክረምት ሐይቁ ሞልቶ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ በስሱ አስጥተው ሲደርቅ ያቃጥሉት። መረብና ጀልባም ወደ ሌላ ዳርቻ ከመሻገራቸው በፊት የተጣበቀ ቅሪት እንዳይኖርባቸው ይፈተሹ።